የ662 እና የ1176 ጉዳይ፦ የቤታን ኃይል በጋማ እንዴት እንለካለን?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ የሲዚየም 137ን የጋማ ስፔክትረም አትሞ አመጣልኝ። ጎልቶ የሚታየው ጫፍ 662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ነው። ሰንጠረዥ ስመለከት ግን የሲዚየም 137 የቤታ መፍረስ ኃይል 1176 ነው ይላል። ግማሽ ሊሆን ትንሽ የቀረው ኃይል የት ገባ? ያልተረጋጉ ኒውክሊየሶችን የቤታ ኃይል በጋማ መለካት ይቻላል ሲባልስ ምን ማለት ነው?»

ምላሽ፦ መምህር፣ የተማሪዎ ስፔክትረምም ሰንጠረዡም ልክ ናቸው። 662 አንድ ነገር ይለካል፣ 1176 ሌላ ነገር ይለካል፤ በሁለቱ መካከል ያለው 514 ደግሞ የጥያቄዎ ቁልፍ ነው።

ከምናውቀው ውኃ ልጀምር። ዓባይ ከጣና ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወረወራል። ፏፏቴውን ብቻ ለክቶ «ውኃው ከሐይቁ እስከ ፏፏቴው ግርጌ የወረደው 40 ሜትር ነው» የሚል ሰው ቢገጥመን፣ ከሐይቁ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ውኃው በየድንጋዩ ላይ እየተንደረደረ የወረደውን ዘንግተሃል እንለዋለን። ጋማ ፏፏቴው ነው። ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፣ ቁመቱም በትክክል ይለካል። ቤታ ከፏፏቴው በፊት ያለው ቁልቁለት ነው። ጠቅላላውን ለማግኘት ሁለቱን መደመር የግድ ነው።

በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። ሲዚየም 137 ኤሌክትሮን (ቤታ የምንለው እርሱ ነው) እና አንቲኒውትሪኖ (ከዚህ በኋላ በአጭሩ ኒውትሪኖ የምለው የማይታይ ቅንጣት) አውጥቶ ወደ ባሪየም 137 ይለወጣል። ከመቶ 94.4 ያህሉ የሚያርፈው ግን ባሪየም ወለል (ዝቅተኛው የኃይል ደረጃው) ላይ አይደለም፤ ከወለሉ 661.7 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (ከዚህ በኋላ ኪ.ኤ.ቮ. እላለሁ) ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ነው። ባሪየሙ ከዚያ ደረጃ ሲወርድ ተማሪዎ ያተመውን የ662 ጋማ ይለቃል። ወደዚያ ደረጃ በሚደረገው ዝላይ ቤታው ሊወስድ የሚችለው ከፍተኛ ኃይል 514 ኪ.ኤ.ቮ. ነው። 514 እና 662 ሲደመሩ 1176 ይሆናሉ። የቀሩት 5.6 ከመቶ በቀጥታ ወለሉ ላይ ያርፋሉ፤ የእነርሱ ቤታ እስከ 1176 ሊደርስ ይችላል፣ ጋማ ግን የላቸውም። ሰንጠረዡ የሚሰጠው ይህ ጠቅላላ ድምር፣ የፊዚክስ ሰዎች «የኪው ዋጋ» የሚሉት፣ የእናትና የልጅ አተሞች የክብደት ልዩነት በኃይል ሲተመን ማለት ነው።

ታዲያ 514ን ለምን እንደ 662 ቀጥ ያለ ጫፍ አናየውም? ይህ ጥያቄ የፊዚክስን ታሪክ የቀየረ ነው። ቻድዊክ እ.ኤ.አ. በ1914 የቤታ ኤሌክትሮኖች ኃይል አንድ ወጥ ሳይሆን ከዜሮ ጀምሮ የተዘረጋ መሆኑን አሳየ። ብዙዎች ኤሌክትሮኖቹ ሁሉ እኩል ወጥተው መንገድ ላይ የሚደክሙ መስሏቸው ነበር። ኤሊስና ዉስተር እ.ኤ.አ. በ1927 ቢስሙት 210ን በካሎሪሜትር (በሙቀት መለኪያ ዕቃ) ውስጥ ዘግተው የሚወጣውን ሙቀት ለኩ። መንገድ ላይ የሚደክም ኃይል ቢኖር ኖሮ ሙቀት ሆኖ እዚያው ይገኝ ነበር፤ እያንዳንዱ መፍረስም ከ1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ይሰጥ ነበር። ያገኙት ግን ሲሶውን ያህል ብቻ፣ ማለትም የኤሌክትሮኖቹን አማካይ ኃይል ነው። ቀሪው ከዕቃው ግድግዳ አልፎ ወጥቷል። ፓውሊ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1930 በጻፈው ደብዳቤ የማይታይ ሦስተኛ ቅንጣት፣ ዛሬ ኒውትሪኖ የምንለው፣ አለ ያለው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ለእኛ ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነው። ኤሌክትሮኑና ኒውትሪኖው ያለውን ኃይል በየጊዜው በተለያየ መጠን ይካፈላሉ፤ የኒውትሪኖውን ድርሻ የሚይዝ ዕቃ በጠረጴዛችን ላይ የለም። ሙሉውን ኃይል ማየት የምንችለው ኒውትሪኖው ባዶ እጁን በሚሄድበት የስፔክትረሙ መጨረሻ፣ «የቤታ ጫፍ» በምንለው ላይ ብቻ ነው። ያ ጫፍ ደግሞ ሰው የማይደርስበት ጫፍ ነው ማለት ይቻላል። በስፔክትረሙ የመጨረሻ አንድ አሥረኛ ውስጥ የሚገቡት ኤሌክትሮኖች ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ ጫፉን በዐይን አይፈልጉትም። እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ በፍራንዝ ኩሪ (ማሪ ኩሪ አይደለችም) ስም በሚጠራው ሥዕል፣ የእያንዳንዱን ኃይል ቆጠራ ለኤሌክትሮኑ ሞመንተምና ጠቅላላ ኃይል፣ እንዲሁም የኒውክሊየሱን ኤሌክትሪክ ስበት ለሚያስተካክለው የፌርሚ ቁጥር ያካፍሉና ስኩዌር ሩት ያወጣሉ። ጎባጣው ስፔክትረም ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፤ መስመሩ አግድም ዘንጉን የሚቆርጥበት ቦታ ጫፉ ነው። ሲዚየም 137 ላይ ይህን ሲያደርጉ መስመሩ ትንሽ ይጎብጥብዎታል። ዋናው ቅርንጫፉ (ወደ 662 ደረጃ የሚወስደው መንገድ) «የተከለከለ»፣ ማለትም በዝግታ የሚከናወን፣ ከሚባለው ዓይነት ስለሆነ ተጨማሪ የቅርጽ ማስተካከያ ይፈልጋል።

አሁን ጋማ የሚገባበት ቦታ ላይ ደረስን። አብዛኞቹ ያልተረጋጉ ኒውክሊየሶች የቤታ ቅርንጫፋቸው ሁለት ብቻ አይደለም፤ አሥር፣ ሃያ፣ አንዳንዴም መቶ ነው። የሁሉም ቤታ ተደራርቦ ሲመጣ የትኛው ጫፍ የትኛው ደረጃ እንደሆነ መለየት አይቻልም። የሚደረገው ሁለት ዲቴክተሮችን ፊት ለፊት ማቆም ነው። አንደኛው ኤሌክትሮኑን የሚይዝ የፕላስቲክ ሲንቲሌተር (ቅንጣት ሲመታው ብልጭ የሚል)፣ ሁለተኛው ጋማውን የሚይዝ ንጹሕ ጀርማኒየም። ኤሌክትሮኒክሱ ቤታን የሚመዘግበው አንድ የተመረጠ ጋማ በዚያው ቅጽበት ሲደርስ ብቻ እንዲሆን ይታዘዛል። ጋማው የምስክርነት ቃል ይሰጣል፦ «ይህ ኤሌክትሮን ያረፈው በዚህ ደረጃ ላይ ነው»። ከዚያ የዚያን ቤታ ጫፍ እናወጣና ያረፈበትን ደረጃ ከፍታ እንደምርበታለን። በጋማ ስፔክትሮስኮፒ የቤታን ኃይል መለካት ማለት ይህ ነው፤ ጋማው ራሱ መልሱን አይሰጥም።

ኮባልት 60ን ይውሰዱ። ሁለት ጋማዎች አሉት፣ 1173.2 እና 1332.5 ኪ.ኤ.ቮ.። የ1332 ጋማን መርጠው አብሮት የመጣውን ቤታ ቢለኩ ጫፉ 317 ገደማ ይወጣል። አንድ ጀማሪ 317 እና 1332 ደምሮ 1650 ያህል ሊጽፍ ይችላል፤ ይህን ስሕተት በዐይኔ አይቻለሁ። ሁለቱ ጋማዎች ግን አንዱ ከአንዱ በላይ ያሉ ደረጃዎች ናቸው። ቤታው ያረፈው 2505.7 ከፍታ ላይ ነው፤ ከዚያ 1173 ወረደ፣ ቀጥሎ 1332 ወረደ። ትክክለኛው ድምር 2823 ገደማ ነው። ስለዚህ ከቤታ በፊት ጋማን ከጋማ ጋር አብሮ እየለኩ መሰላሉን በትዕግሥት መሥራት ያስፈልጋል። የዚህ ሙያ አድካሚው ክፍል ይህ ነው፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉም የምወደውም ይህንኑ ነው።

ተማሪዎ ያመጣልዎት ሲዚየም ግን ለዚህ ሙከራ የማይመች ነው። ባሪየም ከ662 ደረጃው የሚወርደው በቅጽበት አይደለም፤ የዚያ ደረጃ ግማሽ ዕድሜ 2.55 ደቂቃ ነው። ኤሌክትሮኑ አሁን ወጥቶ ጋማው ከደቂቃዎች በኋላ ይመጣል እንደማለት ነው፤ የኤሌክትሮኒክሱ መስኮት ግን ክፍት የሚሆነው ለሴኮንድ ቢሊዮንኛ ክፍልፋዮች ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ለመያዝ ሌሊቱን ሙሉ ቢጠብቁ የሚያገኙት የአጋጣሚ ግጥምጥሞሽን ብቻ ነው። ብዙ ሰው በጣም የታወቀውን ምንጭ ይዞ ይጀምርና መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል። በኮባልት ይጀምሩ።

ሌላው ወጥመድ እኛው ግቢ ውስጥ ነው። ከጣና ዳር አንድ ጆንያ ደለል ወስደው ከዲቴክተሩ አጠገብ ቢያስቀምጡ 1460.8 ላይ የፖታሲየም 40 ጋማ ብቅ ይላል። በአፈሩም፣ በግድግዳውም፣ በሙዙም፣ በራሳችን አካልም አለ። የፖታሲየም 40 ቤታ ጫፍ 1311 ኪ.ኤ.ቮ. ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች የሚደምር ሰው ከ2770 በላይ የሆነ፣ በተፈጥሮ የሌለ ኃይል ያገኛል። 89.3 ከመቶ የሚሆነው ፖታሲየም 40 ቤታ አውጥቶ በቀጥታ ካልሲየም 40 ወለል ላይ ያርፋል፤ ጋማ የለውም። 1461 የሚመጣው ከሌላኛው መንገድ ነው፤ ኒውክሊየሱ የራሱን ኤሌክትሮን ውጦ አርጎን 40 ሲሆን። ቤታውና ጋማው ከአንድ ናሙና ይውጡ እንጂ ከአንድ መፍረስ አይወጡም። አብረው በአንድ ቅጽበት አለመታየታቸው ይህን ይመሰክራል።

ይህ የፖታሲየም የጋማ ጫፍ ግን ጠላት ብቻ አይደለም፣ እኔን ብዙ ጊዜ አድኖኛል። በባሕር ዳር ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሲሞቅ የሶዲየም አዮዳይድ ዲቴክተር ምልክት ቀስ እያለ ይወርዳል። ጠዋት 662 ላይ የተስተካከለው ጫፍ ማምሻውን ከቦታው ተንሸራትቶ ይገኛል። አንድ ጊዜ የሦስት ቀን ቆጠራ በዚህ ተበላሽቶብኛል፤ ጫፉ ሰፍቶ፣ ጎኑ ተንጋዶ፣ ምክንያቱ ሳይገባኝ። ከዚያ ወዲህ ቆጠራውን በየሰዓቱ ለየብቻ አስቀምጣለሁ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ 1461 የት እንዳለ አይና ሚዛኑን በእርሱ መልሼ አስተካክላለሁ። ማንም ሳያስቀምጠው ሌት ተቀን የሚያበራ መለኪያ ነው።

ጀርማኒየም በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ 1332 ላይ 2 ኪ.ኤ.ቮ. ያህል ብቻ የሚሰፋ ጫፍ ይሰጣል። ሶዲየም አዮዳይድ 662 ላይ ከ40 በላይ ይሰፋል። ነገር ግን ጀርማኒየም ፈሳሽ ናይትሮጅን ይፈልጋል፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ። ናይትሮጅኑ አልቆ ዲቴክተሩ ሲሞቅ ከፍተኛው ቮልቴጅ ካልተቋረጠ ዕቃው ሊበላሽ ይችላል። እኛ አገር ይህን ፈሳሽ ከፊዚክስ ሰዎች ይልቅ የከብት አባለዘር የሚጠብቁ የማዳቀል ባለሙያዎች በደንብ ያውቁታል። የዕቃውን አያያዝ ከእነርሱ መማር ነውር የለውም፤ እኔም ተምሬአለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ከባድ ክፍል ልግባ። እውነተኛ ያልተረጋጉ ኒውክሊየሶች፣ ዕድሜያቸው ሴኮንዶች ወይም ከዚያ በታች የሆኑት፣ በመደርደሪያ ላይ አይቀመጡም። በጄኔቫ አቅራቢያ በአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል (ሰርን) ውስጥ እንዳለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ እንደሚሠራው ኢሶልዴ ባሉ ቦታዎች ይመረታሉ፤ በማግኔት በክብደታቸው ይለያሉ፤ ተንቀሳቃሽ ቴፕ ላይ ያርፋሉ። ቴፑ ወደ ዲቴክተሮቹ ያደርሳቸዋል፤ ከተለኩ በኋላ ልጆቻቸው እንዳይረብሹ ጎትቶ ያርቃቸዋል።

እዚህ ላይ ትልቁ የስሕተት ምንጭ ያላየነው ጋማ ነው። የሚፈርሰው ኒውክሊየስ ብዙ ኃይል ካለው የሚያርፍባቸው ከፍተኛ ደረጃዎች እጅግ ብዙና የተጨናነቁ ናቸው። ጋማው በመቶዎች ደካማ መስመሮች ይበተናል፤ ጀርማኒየም ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ከፍተኛ ኃይል ያለውን ጋማ ብዙውን ጊዜ ያመልጠዋል። ሃርዲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1977 በኮምፒውተር አንድ ምናባዊ ኒውክሊየስ ፈጥረው፣ ልክ እንደ እውነተኛ ልኬት ቢተነትኑት የጋማው ጉልህ ክፍል ሳይታይ እንደሚቀር አሳዩ። ኒውክሊየሱን ፓንዴሞኒየም ብለው ሰየሙት፤ ችግሩም እስከ ዛሬ በዚህ ስም ይጠራል።

ይህ በኪው ዋጋ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አቅጣጫ አለው፣ እባክዎን ይህን ልብ ይበሉ። አንድ ዝቅተኛ ደረጃ የሚለቀውን ጋማ መርጠን ቤታውን ለካን እንበል። ያ ደረጃ በቀጥታ በቤታ ካልተመገበ፣ ማለትም ኒውክሊየሱ ከላይ አርፎ በማናየው ጋማ ወደዚያ ደረጃ ከወረደ፣ የለካነው ጫፍ የላይኛው ደረጃ ጫፍ ነው፤ ያጠረ ነው። እኛ ግን የታችኛውን ደረጃ ከፍታ እንደምርበታለን። ውጤቱ ከእውነቱ ያንሳል። የሚሳሳተው ወደ ታች ነው፤ ቆጠራ በማብዛት አይስተካከልም፤ ስታቲስቲካዊ ስሕተቱ እያነሰ መልሱ ግን እንደተሳሳተ ይቀራል። በዚህ መንገድ የተለኩ የቆዩ እሴቶች በኋላ በፔኒንግ ወጥመድ ሲመዘኑ አንሰው የተገኙበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ፔኒንግ ወጥመድ ኤሌክትሮኑንም ጋማውንም አይጠይቅም፤ አየኑን (ኤሌክትሮን የጎደለውን አተም) በማግኔት መስክ አሽከርክሮ ከዙረቱ ድግግሞሽ ክብደቱን ያወጣል። በቤታ ጫፍ ሲለካ አሥር ኪ.ኤ.ቮ. ያህል የሚሆነው የልኬት ስሕተት በዚህ ዘዴ ወደ አንድ ኪ.ኤ.ቮ. እና ከዚያ በታች ይወርዳል።

ታዲያ ወጥመዱ ካለ ስፔክትሮስኮፒው ለምን ይቀጥላል? ወጥመዱ የመሰላሉን ሙሉ ቁመት ይነግረናል እንጂ ኒውክሊየሱ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሚያርፍ አይነግረንም። ይህን ለማወቅ «ጠቅላላ መጣጭ» የሚባል ትልቅ ዲቴክተር ተሠራ። ናሙናው በግዙፍ ክሪስታል መሐል ይገባል፤ ክሪስታሉ የጋማዎቹን ሰልፍ አንድ በአንድ ሳይሆን በአንድነት ውጦ ድምራቸውን ይሰጣል። ኢሶልዴ ያለው ሉክሬሲያ ቁመቱም ስፋቱም 38 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሶዲየም አዮዳይድ ሲሊንደር ነው። ኮባልት 60 በእንዲህ ያለው ውስጥ ሲቀመጥ ሁለት ጫፍ ሳይሆን በዋናነት አንድ፣ 2506 ላይ ያለ ጫፍ ይሰጣል። ቤታው ያረፈበት ደረጃ ራሱ ማለት ነው።

ጉዳዩ የምሁራን ጨዋታ ብቻ አይደለም። የኑክሌር ማብላያ ሲጠፋ ሙቀቱ ወዲያው አይጠፋም። በጠፋበት ቅጽበት ከነበረው ኃይል 6 ወይም 7 ከመቶ ያህሉ፣ የፊሽን (የኒውክሊየስ መሰንጠቅ) ውጤቶች በቤታ እየፈረሱ ስለሆነ፣ መውጣቱን ይቀጥላል። ይህን ሙቀት ለማስላት እያንዳንዱ ኒውክሊየስ ኃይሉን በቤታና በጋማ መካከል እንዴት እንደሚከፍል መታወቅ አለበት። አልጎራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት፣ ፊንላንድ ዩቫስኩላ ውስጥ ቴክኒሺየም 104ን እና 105ን በመሳሰሉ ኒውክሊየሶች ላይ የተደረገ የጠቅላላ መጣጭ ልኬት፣ በፕሉቶኒየም 239 የጋማ ሙቀት ስሌትና ልኬት መካከል ለዓመታት የቆየውን ልዩነት በአብዛኛው ዘግቷል።

በመጨረሻ፣ ለክፍልዎ የሚሆን ነገር ሳልጠቁምዎ አላልፍም። 514ን እና 1176ን ያለ ጀርማኒየም ለተማሪዎችዎ ማሳየት ይቻላል። ፈቃድ ባለው ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ቀጭን መስኮት ያለው የሲዚየም ምንጭና የጋይገር ቆጣሪ ይበቃል። ብዙዎቹ የትምህርት ምንጮች በወፍራም ፕላስቲክ የታሸጉ ስለሆኑ ቤታው አይወጣም፤ አስቀድመው ያረጋግጡ፣ በመቆንጠጫም እንጂ በእጅ አይንኩት። በምንጩና በቆጣሪው መካከል አሉሚኒየም እየጨመሩ ይቁጠሩ። 514 ኪ.ኤ.ቮ. ያለው ቤታ 0.6 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ያስቆመዋል፤ 1176 ያለው ደግሞ ወደ 1.9 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ቆጠራውን በሎጋሪዝም ወረቀት ላይ ሲያስቀምጡት መጀመሪያ ፈጥኖ ይወድቃል፣ ከ0.6 በኋላ ይቀልላል፣ ከ1.9 በኋላ ቀጥ ብሎ ይተኛል። የተኛው ክፍል የጋማው ነው፤ ከሁሉም ላይ ይቀነስ።

0.6 ላይ ስብራቱ እንደጠበቁት ስለታም ካልሆነ ግራ አይጋቡ። ተማሪዎ ያመጣልዎትን ወረቀት እንደገና ያውጡና በግራ ጥግ 32 ኪ.ኤ.ቮ. አካባቢ ያለችውን ትንሽ ጫፍ ይመልከቱ። የባሪየም የኤክስ ሬይ ምልክት ናት። ባሪየም ሁልጊዜ ጋማ አይለቅም፤ አንዳንዴ 662ቱን ለራሱ ኤሌክትሮን ያስረክባል፣ ኤሌክትሮኑም ከታሰረበት ለመውጣት 37 ከፍሎ በ624 ይወጣል። ክፍት የቀረውን ቦታ ሌላ ኤሌክትሮን ሲሞላው ያ ኤክስ ሬይ ይመጣል። እነዚህ የ624 ኤሌክትሮኖች አሉሚኒየምዎን እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ድረስ ያልፋሉ፤ ስብራቱን የሚያደበዝዙት እነርሱ ናቸው።